ብረትን ለይቶ ስለ ማወቅ
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ ስለ ብረት ነው። እኛ የተክለ ሃይማኖት ሰዎች ለምናለሽ ተራ ጎረቤት ነን። ከመካከላችንም እንጀራው ከዚያ ብረት ጋር የተሳሰረ ጥቂት አይደለምና ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን መድፍ እናውቀዋለን። እርሱ አምሳያው ነው። ዋናው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራ፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጥቶ ዛሬም እዚያው ይገኛል።

ታዲያ የዛሬ ጠመንጃ አፈሙዝ ከምን ይሠራል? ብዙ ሰው ከሁሉ የደደረው ብረት ይመስለዋል። አይደለም! ጥይት ሲተኮስ ከ3,000 አትሞስፌር በላይ ግፊት ይነሣል። ከልክ በላይ የደደረ ብረት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ከልክ በላይ የለሰለሰ ደግሞ ያብጣል። ስለሆነም ፋብሪካዎች የሚመርጡት ከመቶ 0.4 ያህል ካርቦን ያለውን፣ ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበትን፣ ጠንካራም ቻይም የሆነ ብረት ነው።

ጠመንጃ መሥራት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለመሮና ለመጥረቢያ ይሆነናል። ተራ ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ አግለው ውኃ ቢነክሩት እምብዛም አይደድርም። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ያህል አለው፤ ይደድራል። አሮጌ ሞረድ ከ1 በላይ አለው፤ ይደድራል፣ ግን ተሰባሪ ነው። ለመለየት የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ አስነኩት፦ ለስላሳው ረዘም ያለ፣ ቀጥ ያለ ብልጭታ ይሰጣል፤ ካርቦን የበዛበት እንደ አበባ እየፈነዳ ይበተናል።

ቅርጹ የሚወጣው ብረቱ ለስላሳ ሳለ ነው። ከዚያ ይግላል፣ ይነከራል፤ በመጨረሻም መልሶ በስሱ ይሞቃል። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙዎቻችን እንዘላታለን። ከአሮጌ ሞረድ መሮ የሠራ አንድ ወንድማችን «ምን ችግር አለው» ብሎ ዘለላት፤ መሮው በመዶሻ ሲመታ ተፈናጥሮ አንድ ዓይኑን አጠፋው።

ከዚህ የከፋም አለ። ሁለት በኩል የተደፈነ ቱቦ እሳት ውስጥ ከገባ በውስጡ የታመቀው አየርና ዘይት ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሳይበሱ ማጋል ክልክል ይሁን። ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ጥይት ወይም የመድፍ ቅምቡላ የሚመስል ነገር ከመጣ፣ እባካችሁ አትንኩት፣ አትመዝኑት፤ ሰዉን አርቃችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩም ሆነ ሌላው ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አውጥተዋል። ክብሩ እንግዲህ አለን፤ የጎደለን ጥንቃቄ ነው። ይህን የሰማችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁና ለተለማማጆቻችሁ ንገሩልን። እድራችን ድንኳን ለመትከል አይሰንፍም፤ ሳይተከል ቢውል ግን ደስታችን ነው።