ከቡና ጥላ ወደ ኦሞ ቆላ
(ለጉዞው ለተመዘገባችሁ የተደረገ ንግግር)

ወንድሞች፣ እኅቶች! ሚዛንና ቴፒ ላደግን ልጆች በረሃ ሲባል ቶሎ የሚታየን አፋር ነው። ግን ከማጂ ተራራ ቁልቁል ውረዱ፤ የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ እዚያው ነው። ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ! በዚያው አካባቢ፣ ኪቢሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 230,000 ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶታል። ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ ያየዋል፤ እኛ ዲግሪያችንን ይዘን ጀበና ቡና ዙሪያ ቁጭ ብለናል።

ደግሞ "ባዶ መሬት ነው" እንዳትሉ። ሱርማው፣ ሜኢኑ፣ ዲዚው፣ ሙርሲው ባለቤት አለው። የፓርኩን ስካውትና የአካባቢ መሪ ሳትይዙ ንቅንቅ እንዳትሉ። ፎቶም ቢሆን አስፈቅዳችሁ ነው።

አሁን ዋናው፦ ውሃ። እኛ የዝናብ አገር ልጆች ውሃ መቁጠር አናውቅም። እዚያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ያዙ። ጎህ ሲቀድ ተጓዙ፣ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጉ። አሸዋው ይመቻል ብላችሁ ድንኳን ደረቅ ወንዝ ውስጥ እንዳትተክሉ! እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ሌሊት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ የገንዲ ዝንብ ይጠራል፤ ቤት ተዉት። አጎበር ግዴታ ነው፣ ወባው ቀልድ አያውቅም።

ጀሪካን የሌላችሁ ከአሁኑ ፈልጉ፤ ለመንገዱ በሶ የምታዘጋጁ እኅቶችና ወንድሞችም ዛሬውኑ ስማችሁን ስጡን።