በክረምት ዝናብ በብስክሌት ወደ ሥራ ስለ መሄድ



በክረምት፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፥ በአዲስ አበባ በብስክሌት ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ ሁለት ነገር ይፈራል፤ አንደኛው መበስበስ፥ ሁለተኛው ማርፈድ ነው። ከሁለቱ ይልቅ ሊፈራው የሚገባው ግን ቁልቁለቱን ነው።

ከተማችን በእንጦጦ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፥ ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሐር የሚወርድ ሰው ፔዳሉን ሳይረግጥ ይፈጥናል። ቸርኬው በረጠበ ጊዜ ደግሞ የፍሬኑ ላስቲክ ወዲያው አይዝም፤ አስቀድሞ ውሃውን መጥረግ አለበትና። ስለዚህ ፍሬን መያዝ የሚገባው አደጋው ከታየ በኋላ ሳይሆን ቁልቁለቱ ገና ሲጀመር ነው። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያደረጉ መያዝ ይበጃል፤ የፊቱን ብቻ በድንገት የጨበጠውን ሰው ግን ጎማው ይከዳዋል። የቆመ ውሃም ጉድጓድ ይሸፍናልና፥ ጥልቀቱ ያልታወቀውን ዞሮ ማለፍ ይሻላል።

«የመግቢያ ሰዓት አይጠብቅም፤ አለቃም ይቈጣል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን 15 ደቂቃ ቀድሞ ከቤት መነሣት፥ ደረቅ ሸሚዝና ካልሲም በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ነው። ዝናቡ ከበረታም ከጣሪያ ሥር ተጠግቶ እስኪያባራ መጠበቅ ነውር አይደለም። የረጠበ ልብስ እስከ ቀትር ይደርቃል፤ ያረፈደም ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ክፉኛ የተሰበረ እግር ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላም ሊያነክስ ይችላል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ኮርቻው ላይ ከመውጣታችሁ አስቀድሞ ፍሬናችሁን ፈትሹ።

በደኅና ግቡ።