ጠብታው ከየት ይመጣል? ስለ ዘይት ኮፓ፣ ስለ ጋርኒሲዮንና ስለ ልክ
(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከትምህርት ቤት በወጣሁ ሰሞን የአንድ ጎረቤቴን ሚኒባስ የዘይት ኮፓ አወረድሁ። ጎረቤቴ በዚያች መኪና ቤተሰቡን የሚያስተዳድር የታክሲ ነጂ ነበር። ጥርጣሬ እንዳይቀር ብዬ ሲሊኮኑን በጋርኒሲዮኑ ሁለት ፊት አብዝቼ ቀባሁት፤ ብሎኖቹንም በሙሉ ጉልበቴ አጠበቅኋቸው። ጠብታው ቆመ፤ ተመሰገንሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር። ኮፓው እንደገና ሲወርድ፣ ወደ ውስጥ ተጨምቆ የወጣው ሲሊኮን ተቆራርጦ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሸፍኖት አገኘን። ዘይት ያጡት ብሮንዚናዎች ተቃጥለዋል፤ ኮሎውም ተጭሯል። የዳነው ጠብታው ነው፤ የሞተው ሞተሩ ነው። የዛሬው ንግግሬ ያ ሞተር ያስተማረኝ ትምህርት ነው።

ኮፓ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ጽዋ ማለት ነው። ጋርኒሲዮን፣ ብሎንና ታፖም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ሥራው እንደ ስሙ ነው፤ ከባዛሜንቶው ሥር ተቀምጦ ከላይ የሚወርደውን ዘይት ይሰበስባል፤ ፓምፑም ከዚያ እየሳበ መልሶ ወደ ላይ ይልካል። በኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ግፊት የለበትም። እንግዲህ ጋርኒሲዮኑ የሚጠበቅበት ከባድ ግፊት መቋቋም ሳይሆን በሁለት ብረቶች መካከል የሚቀረውን ጥቃቅን ክፍተት ሞልቶ መቆየት ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ቀላል ሥራ ስለ ምን ያቅተዋል?

ምክንያቱ በዋናነት ሦስት ነው። የመጀመሪያው እርጅና ነው። የቡሽ ጋርኒሲዮን በሙቀት ይደርቃል፤ ይኮማተራል፤ ላስቲኩም ይደድራል፤ የመለጠጥ ኃይሉንም ያጣል። ሁለተኛው የኮፓው ከንፈር መጣመም ነው። ስስ ቆርቆሮ የሆነ ኮፓ ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ በቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ በሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ክፍል ግን ልል ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሚያፈሰውን ይበልጥ ማጥበቅ ክፍተቱን ማስፋት ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶች ቃል በዚህ ላይ እውነት ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሞተሩ መተንፈሻ ነው። ከፒስተን ፋሻ አምልጦ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ መውጫ ቱቦው ከተደፈነበት፣ ግፊት በማይገባበት ቦታ ግፊት ይፈጠርና ዘይቱን በየስፌቱ ይገፋዋል። መተንፈሻውን ሳይጠርግ ጋርኒሲዮን የቀየረ ሰው በሽታውን ትቶ ምልክቱን ያከመ ነው።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ምርመራው ይቅደም። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይነዳዋል። ስለዚህ ከቴስታታው ክዳን፣ ከፊልትሮው፣ ከዘይት ግፊት ማሳወቂያው ወይም ከኮሎው የኋላ ፓራኦሊ የሚያመልጠው ሁሉ በመጨረሻ በኮፓው ላይ ይንጠለጠላል። ርጥበት የታየበት ቦታ ሁሉ ምንጭ አይደለም። ሞተሩን አጥባችሁ አድርቁ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱት፤ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እየተመለከታችሁ ከፍተኛውን እርጥብ ቦታ ፈልጉ። ይህን ያላደረገ ሰው ደኅናውን ኮፓ በከንቱ ያወርዳል።

ጠብታውን «ትንሽ ናት» ብሎ መናቅም አይገባም። በየአሥር ሰከንዱ አንድ ጠብታ ብትወርድ በሰዓት 360 ትሆናለች። 25 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብለን ብንገምት፣ በቀን 12 ሰዓት የሚሠራ ታክሲ በስድስት ቀን አንድ ሊትር ያህል ዘይት ያጣል። ዘይቱን በየማለዳው የማይለካ ነጂ ሞተሩን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደገፍ። ዘይቱ ሞቅ ሲል እንጂ ሲፋጅ አይፈስስም። ኮፓው ተጣብቆ እንቢ ሲል ካቻቢቴ መካከሉ አስገብቶ መፈልቀቅ የባዛሜንቶውን ፊት ይጭራል፤ ስስ የማላቀቂያ ስለትና የላስቲክ መዶሻ ይበቃል። የቀድሞው ጋርኒሲዮን ርዝራዥ ከሁለቱም ፊት ተፍቆ ይነሣ፤ ፊቱም ዘይት እስከማይቀርበት ድረስ በማጽጃ ይወልወል። የጎበጡ የብሎን ቀዳዳዎች በጠፍጣፋ ብረት ላይ ተደግፈው በቀስታ ይቀጥቀጡ፤ ቀጥ ባለ ማስመሪያም ይፈተሹ። ወንፊቱም በዚህ አጋጣሚ ይታጠብ።

ከዚህ በኋላ አምራቹ ያዘዘውን መከተል ነው። የተቆረጠ ጋርኒሲዮን የታዘዘለት ሞተር አለ፤ እንደ ብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች በሲሊኮን ብቻ የሚታሸግም አለ። ሁለቱን መደራረብ ጥንቃቄ አይደለም፤ ቅባቱ ጋርኒሲዮኑን አንሸራትቶ ያስወጣዋል። ሲሊኮን በታዘዘበት ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ያልተቋረጠ መስመር ከብሎን ቀዳዳው በውስጥ በኩል ይሰመር፤ ኮፓውም ሲሊኮኑ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይገጠም። የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ በበጋ ወራት ደረቅ አየር ይዘገያል። ዘይት ከመሞላቱ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈው ጊዜ ይጠበቅ።

ብሎኖቹ ሁሉ አስቀድመው በእጅ ይግቡ፤ ከዚያም ከመካከል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ፣ በሁለት ዙር ይጠበቁ። ለ6 ሚሊ ሜትር የኮፓ ብሎን የሚታዘዘው ልክ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም የእጅ አንጓ እንጂ የትከሻ ጉልበት አይደለም። ደግሞም ከምናወጣው ጉልበት አብዛኛው በሰበቃ ይጠፋል፤ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ብረቱን ከብረት ጋር ያጣብቃል። ጥርሱ በዘይት የራሰ ብሎን ሰበቃው ስለሚቀንስ በዚያው ጉልበት ከታሰበው በላይ ይጠብቃል። እጃችን ይህን ልዩነት አያውቅም። ስለዚህ ቶርክ ሬንች ቅንጦት አይደለም።

በመጨረሻም የወረደው ዘይት ወደ ቦይ አይደፋ፤ ተጠራቅሞ ለሚቀበለው ይሰጥ።

ወገኖቼ፣ ያን ሞተር ያጠፋው ስንፍና አልነበረም፤ ከመጠን ያለፈ ትጋት ነበር። ጎረቤቴ ወቀሳ አልተናገረኝም፤ ኮሎው እስኪስተካከል ድረስ ግን ሁለት ወር በሰው መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሠራ። ተማሪዎቼን «ልክ» የሚለውን ቃል ሳስተምር የማስበው እርሱን ነው። መሐንዲስ የሚለካው ብረቱ እንዲያምር ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ብረት ላይ የሰው እንጀራ ስላለበት ነው።