ልብ ሲጠገን አንጎልን ስለ መጠበቅ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





በፎገራ ሜዳ አንድ ልጅ ጉሮሮውን ቢያመው «ብርድ ነው፤ ይለቀዋል» ተብሎ ይተዋል። ነገር ግን አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳት ያስነሣል፤ እርሱም ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች ያበላሻል። ጉዳቱ ሲጸና በሩ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይለወጣል። በአገራችንም በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ ጀምሯል።

ታዲያ ልቡ የታከመ ሰው አልፎ አልፎ ወድቆ የሚንቀጠቀጠው ስለ ምንድን ነው? የርብ ወንዝ ደለል ቦዩን ሲደፍነው ከቦዩ ወዲያ ያለው ሩዝ ይደርቃል። እንዲሁም በልብ ሕክምና ጊዜ የረጋ ደም፣ የአየር አረፋ ወይም ከበሩ የተላቀቀ ፍርፋሪ ወደ አንጎል ወጥቶ ቀጭን የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። የተጎዳው ሥፍራ ኤም አር አይ በሚባለው የምርመራ መሣሪያ እንደ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ምንም አይሰማውም፤ ጉዳቱ ሲበረታ ግን እጅና እግር ይሰንፋል፣ ወይም የአንጎል ሥራ ታውኮ ሰውነት ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ይህ የሰይጣን ሥራ አይደለም፤ ለሃጩም በሽታ አያስተላልፍም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅምም። የወደቀውን ከእሳትና ከውኃ እናርቀው፤ በጎኑ እናስተኛው፤ በአፉ ምንም ነገር አንጨምር፤ በጉልበት አንያዘው፤ ሰዓት እንመልከት። ልቡ የታከመ ሰው ከሆነ ቢነቃም እንኳ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሰው።

የብረት ቫልቭ የተተከለለትም ሰው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት «ድኛለሁ» ብሎ አያቋርጥ፤ ቢያቋርጥ ደሙ በቫልቩ ላይ ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድበት ይችላል።

ወላጆች ሆይ፤ የልጅን የጉሮሮ ሕመም አትናቁ፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ከቢላዋ ያድናል። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ታክሞ ወደ ክፍል የሚመለሰውን ወንድማችንን «የሚጥለው» ብለን አንሽሸው፤ ከአጠገባችን እናስቀምጠው።