ስምንት ቼሎና አንዲት ድምፅ

ወንድ አቅራቢ፦ ክቡራንና ክቡራት አድማጮቻችን፣ ትናንት ማታ ማጉያ በሌለበት ጠባብ አዳራሽ የብራዚላዊውን የቪላ ሎቦስንና የአርጀንቲናዊውን የፒያሶላን ድርሰቶች በጽሞና ስናደምጥ አምሽተናልና፣ እኅቴ፣ አስቀድሞ ልብዎን የነካውን ይንገሩን።

ሴት አቅራቢ፦ የቪላ ሎቦስ «ባኪያናስ ብራዚሌይራስ» ቁጥር 5 ነው። ደራሲው፣ ራሱም ቼሎ ተጫዋች ነበርና፣ የሀገሩን ሕዝብ ዜማ ከጀርመናዊው ከባህ ጥበብ ጋር ሊያዋሕድ ሽቶ በስምንት ቼሎዎችና በአንዲት ሴት ድምፅ ያቆመው ይህ ድርሰት፣ የፊተኛው ክፍሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938፣ የኋለኛው በ1945 የተጻፈ ነው፤ ድምፃዊቱ ያለ ቃል ጀምራ፣ ከመካከል ግጥሙን አዚማ፣ በፍጻሜው ከንፈሯን ገጥማ ያንኑ ዜማ በማንጎራጎር ስትመልሰው፣ አንደበት የማይገልጸው ተመስጦ አደረብኝ።

ወንድ አቅራቢ፦ እኔን የማረከኝ ፒያሶላ ለፍሉትና ለጊታር የደረሰው «የታንጎ ታሪክ» ነው፤ በ1900 ከጋለሞታ ቤት ተነሥቶ፣ በ1930 በቡና ቤት አርፎ፣ በ1960 በምሽት ክበብ አልፎ፣ በአራተኛው ክፍል ወደ ዘመኑ የሙዚቃ አዳራሽ ይገባል። ነገር ግን በሦስተኛው ክፍል ጊታሩ በፍሉቱ ድምፅ ተውጦ አዝኛለሁ።

ሴት አቅራቢ፦ እውነት ነው፤ ሆኖም ፒያሶላ በ1954 የአውሮፓን ረቂቅ ሙዚቃ ሊማር ፓሪስ በወረደ ጊዜ፣ መምህሪቱ ናዲያ ቡላንዤ ታንጎውን በፒያኖ ሲጫወት ሰምታ፣ እውነተኛው ማንነቱ ይህ እንደ ሆነና እንዳይተወው መምከሯን ሳስብ፣ ያ ምክር ባይሰጥ ኖሮ ትናንት ምን እንሰማ ነበር እላለሁ።

ወንድ አቅራቢ፦ እንግዲያስ አድማጮቻችን፣ የቡና ቤቱን ክፍል ከሸክላው እናሰማችሁ።