የጉዱ ካሣ ካብ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመጽሔታችን አዘጋጆች መጻሕፍት በሰው ሕይወትና ሥራ ላይ ስላላቸው ኃይል አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የመሰለኝ ስለ ሙያችን የማስተማሪያ መጻሕፍትና ስለ ግንባታ መመሪያዎች እንድናገር የፈለጉ ነበር። ኋላ ግን ሐሳባቸው ስለ ልብ ወለድ መሆኑን ሲገልጹልኝ ደነገጥሁ። መሐንዲስ ስለ ልብ ወለድ ሲናገር የሚያገኘው ጆሮ፣ ቄስ ስለ መኪና ሞተር ሲናገር ከሚያገኘው የሚበልጥ አይመስለኝም። ሆኖም አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ በሙያዬ ላይ የፈረደብኝ ጉዳይ ስላለ፣ ጉዳዩም እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ስለ ሆነ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ቀረብሁ።

መጽሐፉ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ በገጽ ያነበቡት ብዙዎች ናቸው፤ በጆሮ የሰሙትም ጥቂት አይደሉም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊታውራሪ መሸሻን ራሳቸውን፣ ሰብለ ወንጌልንም ራስዋን አድርጎ ነበርና፣ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው የመጽሐፉ ባለቤት ሆነ። እኔ የተወለድሁት ወጋየሁ ካረፈ በኋላ ነው። ነገር ግን አባቴ በተቆጣ ቁጥር በፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ፣ ይኸውም በወጋየሁ ድምፅ፣ ይቆጣ ስለ ነበር መጽሐፉን ከማንበቤ በፊት ፊታውራሪን ፈርቻቸው አድጌአለሁ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሕዝቡ እንደ እብድ የሚቈጥረው ጉዱ ካሣ የሚናገረው አንድ ነገር አለ። የኅብረተሰቡን ወግና ልማድ ሕይወት በሌላቸው ድንጋዮች በተሠራ ካብ ይመስለዋል። የላይኛው በታችኛው ላይ ተጭኖ ይኖራል፤ ከጊዜ ብዛት ግን የታችኛው ሸክሙ ይከብደውና ከቦታው ሲንሸራተት የላይኛው ሁሉ ተከትሎ ይናዳል። ይህን ክፍል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ተፈተንንበት። «ካቡ የምን ምሳሌ ነው?» ተብለን ስንጠየቅ፣ «የባላባት ሥርዓት» ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ካቡ የካብም ምሳሌ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ተራራማ ወረዳ በሚሠራ የገጠር መንገድ ላይ ተመድቤ እሠራ ነበር። መንገዱ ገደል ሲታከክ አፈሩን የሚደግፍ የድንጋይ ግንብ ሠርተናል፤ ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ከግንበኞቹ መካከል ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አንድ ሰው ነበሩ። ሰኔ ሲገባ አንድ ማለዳ ጠሩኝና የግንቡን እግር በመዶሻቸው እየነኩ፣ «ልጄ፣ ይህች የታችኛይቱ ድንጋይ ደክማለች፤ ክረምቱን አትዘልቅም» አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ። ድንጋይ አይደክምም። ወደ ድንኳኔ ሄጄ ስሌቴን እንደ ገና አየሁት፤ ግንቡ እንዳይገለበጥ፣ እንዳይንሸራተት፣ ከሥሩ ያለው መሬትም ጭነቱን እንዲችል ሁሉም በቂ ሆኖ ተገኘ። ስሌቱም ትክክል ነበር፤ ችግሩ ከግንቡ ጀርባ ያለውን አፈር ደረቅ ነው ብሎ የተነሣ መሆኑ ነው። ለውሃ መውጫ የተተዉት ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው እንደ ነበር ያላየሁት፣ ጎንበስ ብዬ ስላላየሁ ነው። እንደምታውቁት ሙልት ብሎ ውሃ የጠጣ አፈርና ውሃው ተባብረው የሚገፉት ግፊት ደረቁ አፈር ከሚገፋው ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ያዩት ደግሞ በመጋጠሚያው በኩል እየሾለከ፣ ከግንቡ እግር ሥር ደቃቁን አፈር እያጠበ የሚወጣውን ውሃ ነበር። ለዚህ ነገር እኛ ረዥም ስም አለን፤ እሳቸው ድካም ይሉታል።

በሐምሌ ወር አጋማሽ ግንቡ 11 ሜትር ያህል ርዝመት ሆኖ ተናደ። ከሥር በኩል ቦይ ይቈፍር የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ እግሩ ተሰበረ። ሕይወቱ ተርፏል፤ ዛሬም እያነከሰ ይሄዳል።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝምና ከሻንጣዬ ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አውጥቼ እገልጥ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ጉዱ ካሣን ፍለጋ አልነበረም፤ ከራሴ ለመሸሽ ነበር። ወደዚያ ገጽ ስደርስ ግን የሽማግሌውን ድምፅ ሰማሁ። ይህን የጻፈው ሰው ካብ ሲናድ ቆሞ ያየ ሰው ነው አልሁ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ያደጉት በጎጃም ገጠር ነው፤ ስለዚህ ምሳሌውን ያነሡት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመስክ ይመስለኛል። ምሳሌው ለስልሳ ዓመት የጸናው ድንጋዩ በመጀመሪያ እውነተኛ ድንጋይ ስለ ሆነ ነው። እኔ ምሳሌውን ተምሬ ድንጋዩን ሳልማር ቀርቼ ነበር።

ይሁን እንጂ የወደዱትን መጽሐፍ መከራከርም ያለ ነው። ጉዱ ካሣ ካብን የሞተ ነገር አድርጎ ያየዋል። የኮንሶን እርከኖች ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ ምድር ከአራት መቶ ዓመት በላይ በደረቅ ካብ የቆመ ነው፤ የቆመውም ድንጋዩ የማይደክም ሆኖ ሳይሆን፣ የደከመውን የሚያነሣና የሚተካ ትውልድ ስላልታጣ ነው። ይህንን ለጉዱ ካሣ ብነግረው ሳይሰድበኝ የሚያልፍ አይመስለኝም።

መጽሐፍ አንባቢን እንዲህ ሲያደርግ፣ ጸሐፊ የሚያደርገውም አለ። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸል ታላቅ ልብ ወለድ እስር ቤት ገባ። ነቢይ ያን ዳጎስ ያለ መጽሐፍ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጐመው፤ ወረቀቱ ሦስት ሺህ ያህል ነበር ይባላል። ቅጠሎቹ በየፓኮው እየተሸሸጉ ከእስር ቤት ወጡ፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈ ታሪክ ለአዲስ አበባ እስረኛ ምኑ ነው? ይህን ያህል ግን አውቃለሁ፤ ወረቀት የለኝም ብሎ የሚያማርር ሰው ስለዚያ ሥራ ከሰማ በኋላ ያፍራል።

እኔም አፍሬ ጻፍሁ። ስለ ግንቡ መናድ የሚቀርበውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ እንደ ልማዱ ከጻፍሁ በኋላ፣ ሌላ በአማርኛ አዘጋጀሁ። ግንበኛው የተናገሩትን፣ የኔን ሳቅ፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች፣ የሠራተኛውን እግር በቅደም ተከተል አስቀመጥሁ፤ ፎርማኑና ግንበኞቹ አንብበው ይማሩበታል ብዬ ነበር። ያቀረብሁለት መሥሪያ ቤት «ተረት ይመስላል» የሚል ማስታወሻ ጽፎ መለሰልኝ። እንግሊዝኛው በመዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም ከዚያ የወጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ ጉባኤው እንዲወያይበት የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለ። ይህ መጽሔት በየዓመቱ ጥቂት ገጾችን ለተናዱና ለተሰነጠቁ፣ በጎርፍ ለተወሰዱ ሥራዎቻችን ይልቀቅልን። በአማርኛ ይጻፉ፤ ሰው ይኑርባቸው፤ ማን ምን እንደ ተናገረ፣ ማን እንዳልሰማ ይነገር። የሚያስፈራን ስማችን እንደ ሆነ ያለ ስም ይውጣ። ስፍራ ከተገኘ የመጀመሪያውን እኔ አቀርባለሁ፤ ተዘጋጅቷል።

ከመዘጋጀቱ በፊት ግን ባለፈው ዓመት ወደዚያው ወረዳ ሄጄ ለሽማግሌው አነበብሁላቸው። አሁን መዶሻ አይዙም። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ደኅና ነው፤ አንድ ነገር ግን ጎድሏል» አሉኝ። ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ «ደክማለች ብዬ የነገርሁህ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንተ የጻፍኸው አንድ ጊዜ ነው» አሉ።

አስተካክዬዋለሁ።