ሶላሩ ተተከለ፤ ባትሪውን ማን ይቀይረዋል?

(በራዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

   

ዛሬ ልናነጋግራችሁ የፈለግነው ስለ መብራትና ስለ ትምህርት ነው። «ይህ ደግሞ የኢማም ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ግን የመጣው ከመስጊድ ደጃፍ ነው። የቡና ገንዘብ እጅ ሲገባ በየጀመዓው «ለመድረሳችን ምን እንግዛ?» የሚል ውይይት ይነሣል። አንዱ ሶላር ይላል፣ ሌላው ኮምፒዩተር፣ ወጣቶቹ ደግሞ ታብሌት ይላሉ። ገንዘቡ ሶደቃ ነው። ቡና ለቅማ ያደረች እናት ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችውም አለበት። በከንቱ ቢባክን አማና ነውና የሚጠየቅበት ሰው አለ።

አዲስ ነገርን መፍራት ከዲናችን አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ሌሊት የተምር ዝንጣፊ እየነደደ ይበራ እንደነበር፣ በኋላ ተሚም አድ-ዳሪ (ረ.ዐ) ከሻም ቀንዲልና ዘይት አምጥተው እንዳበሩበት ይዘገባል። ከሌላ አገር ስለመጣ ቀንዲሉን አንፈልግም ያለ የለም። ቀንዲል ግን ዘይት ይፈልጋል። በኋለኞቹ ዘመናት ለመስጊድና ለመድረሳ ወቅፍ ያደረጉ ሰዎች ይህን በሚገባ ተረድተውት ነበር። በወቅፍ ሰነዶቻቸው ላይ ሕንጻውን ብቻ አልጻፉም። የመብራቱ ዘይት ከየትኛው ሱቅ ኪራይ እንደሚገዛ፣ ቀንዲሉን ለሚያበራው ሰው ስንት እንደሚከፈል፣ የመምህሩ ደመወዝ ከየትኛው አትክልት ፍሬ እንደሚወጣ ጭምር ይጽፉ ነበር። እኛ ዛሬ ቀንዲሉን እንገዛና ዘይቱን እንረሳለን። የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ይኸው ነው።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። የሶርን ፏፏቴ ለማየት ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ እኛ ወንዙን የምናውቀው በመብራቱ ነው። እ.ኤ.አ በ1990 ሥራ የጀመረው የሶር የውኃ ኃይል ማመንጫ አቅሙ 5 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከአገሪቱ ዋና መስመር ሳይገናኝ ለብቻው መቱንና ጎረቤቶቿን ሲያበራ ኖሯል። 5 ሜጋ ዋት ስንት ነው? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ማመንጫው በሙሉ አቅሙ ቢሠራና በመስመር ላይ ምንም ባይባክን እንኳ፣ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 1,400 ያህል ምጣድ ነው ማለት ነው። አምፖል የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ሆስፒታል የለም፣ ምጣድ ብቻ! በረመዳን ከዐስር ሰላት በኋላ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ለምን ይደክም እንደነበር ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከሶር ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና ግድብ መሞላቱና በዲዱ ወይም በኖጳ አንድ የገጠር ቤት መብራቱ ሁለት ነገር ነው። በመካከሉ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመር፣ ሽቦና ቆጣሪ አለ። በ2010 ዓ.ም ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ እስከ 2025 ድረስ ኃይል ለሁሉም እንዲዳረስ አልሞ ነበር። ዓመቱ አለፈ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ግን አሁንም በኩራዝና በባትሪ መብራት ያመሻል። ዕቅዱ ራሱ በ2011 ዓ.ም ሲከለስ ከሕዝቡ 35 ከመቶ የሚሆነው ከዋናው መስመር ውጭ፣ በተለይ በፀሐይ ኃይል እንዲያገኝ ያሰበ ነበር። ስለዚህ መስመሩ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም፤ ሶላሩም ጊዜያዊ መጫወቻ አይደለም።

ሶላር ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም የሚለውን ግን በግልጽ እንነጋገር። አንድ ባለ 10 ዋት ትንሽ ፓኔል ሁለት ሦስት አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል። ለሚያነብ ልጅ ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም። ለውሑን በእሳት ብርሃን እያየ፣ ዓይኑ በጭስ እየነደደ የቀራ ደረሳ ዋጋውን ያውቀዋል። ምጣድ ግን አያሰማም። የአንድ ምጣድን ኃይል ለማግኘት፣ ያውም ፀሐይ በጠራችበት ሰዓት፣ እንዲህ ያሉ 350 ፓኔሎች ያስፈልጋሉ። «ሶላር ካስገባችሁ እንጨት ትገላገላላችሁ» የሚል ሻጭ ቢመጣ አትስሙት። የእንጨቱን ችግር ለማቃለል ዛሬ አቅማችን የሚፈቅደው ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል። እንደ ቴክኖሎጂ የሚቆጥረው የለም፤ ስክሪን የለውማ! ከቀትር በኋላ ጫካ ወርዳ እንጨት ተሸክማ የምትመለስ ልጃችን ግን ታብሌት ከምንሰጣት በፊት የምታጠናበት ሰዓት ብንሰጣት ይሻላል።

ሌላው የአገራችን ጠባይ ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በክረምት ፀሐይን ለቀናት ሳናያት እንሰነብታለን። ለቆላ ተብሎ የተለካ ሶላር እዚህ ሲተከል በሰኔ ይደክማል፣ ባትሪው በየሌሊቱ እስከ መጨረሻው ይሟጠጣል። በብዛት የምንገዛው የእርሳስ ባትሪ ደግሞ እንዲህ ደጋግሞ ከተሟጠጠ ዕድሜው ሁለትና ሦስት ዓመት ነው። ጣሪያው ላይ ፓኔሉ እያብለጨለጨ ውስጡ የጨለመ መስጊድ አይተናል። በጎ አድራጊው ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። አላህ ምንዳውን ይክፈለው። ባትሪው ሲሞት ግን የሚቀይር ገንዘብም፣ የሚጠራ ባለሙያም አልነበረም።

በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል የገጠር ከተማ አለች። በ2000 ዓ.ም ግድም በአንድ የውጭ ፋውንዴሽን አማካይነት ብዙ መቶ ቤቶች አነስተኛ ሶላር ገብቶላቸው ነበር። ለእኛ የሚጠቅመን የፓኔሉ ብዛት አይደለም። ነዋሪዎቹ ለጥገና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በየወሩ እንዲከፍሉ ተደረገ፣ እዚያው ሬማ የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ተከፈተ። ዘይቱ ታሰበ ማለት ነው። በእኛ አገር ወርኃዊ ክፍያ እንደማይመች እናውቃለን፤ ገበሬው ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት ነው። መዋጮውም በዚያው ወቅት፣ ለዓመቱ በአንድ ጊዜ ቢሆን ይሻላል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ዱቤ አንድ ነገር እንበል። ሶላር በዱቤ የሚሸጡ በዝተዋል። ዱቤ ሐራም አይደለም። ዋጋው ተቆርጦ፣ ጊዜው ታውቆ በክፍያ የሚሸጥ ዕቃ አንድ ነገር ነው፤ ብር ተበድሮ በወለድ መመለስ፣ ወይም ክፍያ በዘገየ ቁጥር የሚቆልል ጭማሪ ሌላ ነገር ነው። ውሉን ሳታስነብቡ አትፈርሙ። ዘምዘምና ሂጅራ በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ስላላቸው፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ የሚሸጥበት የሙራበሓ መንገድ አለ። ጀመዓው በጋራ ሆኖ ቢጠይቅ ይደመጣል።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንለፍ። በ1997 ዓ.ም አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ፕላዝማን ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት በየክፍሉ ይገባ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የፕላዝማው ሲሆን መምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰው ነበር። ጥቅም አልነበረውም አንልም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፕላዝማው አይጠየቅም። «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ቢሉት አይሰማም፣ እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ ተመልሶም አይመጣም። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ በመድረሳ ዐረብኛ የሚቀራ፣ አማርኛን ከገበያ የለመደ የኢሉባቦር ልጅ በአንድ ጊዜ ስንት በር እንዲከፍት እንደተጠየቀ አስቡት። ያን መምህር ከጥግ ያስቆመው ሐሳብ ነበር ትልቁ ጉድለት።

እ.ኤ.አ በ2012 ደግሞ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች በሶላር የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ መምህር ተሰጡ። በመላው ዓለም ተወራለት። ልጆቹ ማንም ሳያሳያቸው ማብሪያውን አገኙ፣ ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝኛ ፊደላት ዜማ መዝፈን ጀመሩ። የልጅ አእምሮ የአላህ ድንቅ ሥራ ነው፤ የገጠር ልጅ ስለሆነ የማይችለው ነገር የለም። ሆኖም ፊደል መዝፈንና አንብቦ መረዳት እንደሚራራቁ ቁርኣን ያስቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ሐርፉን ያወጣ ልጅ ሁሉ አልቀራም። ከአጠገቡ ተቀምጦ «ከዚህ ድገም» የሚለው ኡስታዝ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ማሽኑን እንተወው? አንችልም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ቁጥሩ 8.4 ከመቶ ደርሷል። ይህ በራሱ ያስለቅሳል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሮ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። ዕድሜ ልኩን የኮምፒዩተር ቁልፍ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ጥያቄው ሳይከብደው መዳፊቱ ሊጥለው ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ከደጃችን አለ፤ የእኛ ልጅ በአጥሩ በኩል ብቻ የሚያየው ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ሌላም የመጣ ነገር አለ። በስልክ የሚጠየቅ፣ በአማርኛና በኦሮምኛም የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። ሂሳብ ያስረዳል፣ እንግሊዝኛ ያርማል። መምህር በሌለበት ቀበሌ ለብርቱ ተማሪ ትልቅ አጋዥ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማያውቀውንም እንደሚያውቅ አድርጎ አሳምሮ ይመልሳል። ሐዲስ ጠይቁት ቢባል፣ በየትኛውም ኪታብ የሌለ ንግግር ከነዘጋቢው ሊጽፍላችሁ ይችላል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ መዋሸት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። የሂሳብ ስሕተት መምህር ያርመዋል፤ የፈትዋን ስሕተት ልጁ ይዞት ይኖራል፣ ትዳርና ውርስም ሊያበላሽበት ይችላል። ስለዚህ በቤታችሁ ደንብ አውጡ፤ የዲን ጥያቄ ለዓሊም ይቅረብ፣ የቤት ሥራ መልስ ከስልኩ ከተገኘ ልጁ ደብተሩን ዘግቶ በራሱ አንደበት ያስረዳ። ማንበብ የማይችሉ እናት ይህንን መፈተን ይችላሉ። ካልገባው ከአፉ ያስታውቃል።

እንግዲህ ለመድረሳችን ምን እንግዛ ለሚለው፣ እኛ ብንጠየቅ እንዲህ እንላለን። ሃያ ታብሌት ተገዝቶ በየቤቱ ከሚበተን፣ አንድ የንባብ ክፍል ለክረምቱ ደመና ተለክቶ በተተከለ ሶላር ይብራ፤ ሁለት ሦስት ኮምፒዩተር ይግባበት፤ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ የሚቀመጥ መምህር ይቀጠርበት። ለሴቶች ልጆች የራሳቸው ሰዓት ይመደብ፣ ሰዓቱም ሳይመሽ ይሁን፤ በጨለማ ወደ ቤት የምትመለስ ልጅን አባቷ ሁለተኛ አይልካትም። ከሰፈሩ ወጣቶች አንዱ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ጥገና እንዲማር ጀመዓው ይርዳው። ከተሰበሰበው ገንዘብ ሲሦው አይነካ፤ ለባትሪ ይቀመጥ። ከዚህም የተሻለው፣ መሬት ያላቸው አባቶች ጥቂት እግር ቡና ለመድረሳው ወቅፍ ቢያደርጉ ነው። በየዓመቱ ከሚለቀመው ፍሬ ባትሪውም፣ የመምህሩም ደመወዝ ይወጣል። የክፍሉ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይሁን፤ መዝገቡም በየወሩ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለሕዝብ ይነበብ።

የቡና ወቅፍ ሰነድ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ምስክሮቹ እነማን ሊሆኑ እንደሚገባና ወራሾች እንዴት ቀድመው እንዲያውቁት እንደሚደረግ በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ኢንሻአላህ እንመለስበታለን። እስከዚያው በየጀመዓችሁ የተተከለ ሶላር ካለ ባትሪው መቼ እንደተገዛ አጣሩና ጻፉልን።